የነሐሱ ተደራሲ፦ የአክሱም ሳንቲሞች ምስልና ጽሑፍ ከሮማ ነሐስ ጋር ሲነጻጸር

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ መሐል ሰንጋ ተራ የሚባለው ሰፈር፣ ስሙ ራሱ እንደሚነግረን፣ የከብት ገበያ ነበር። ዛሬ በዚያ ሰንጋ የሚነዳ ነጋዴ አይታይም። ሰፈሩን የያዙት ባንኮች ናቸው፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ሰፈሩን ከሩቅ ያስለየዋል። ከብቱ ሄዶ በምትኩ ገንዘቡ ገብቷል፤ ስሙ ግን አሁንም የሚያወራው ስለ ከብቱ ነው።

ይህን የመሰለ ነገር በሮማውያንም ቋንቋ ላይ ደርሷል። በላቲን ገንዘብ «ፔኩኒያ» ይባላል፤ ቃሉ የተገኘው «ፔኩስ» ከሚለው ሲሆን ትርጉሙም ከብት ማለት ነው። ሮማውያን ክብ ሳንቲም ከመሥራታቸው በፊት ይገበያዩባቸው ከነበሩት የነሐስ ጡቦች መካከል የበሬ ምስል ያለባቸው ይገኛሉ። ስለዚህ ሰንጋ ተራ ላይ ቆሞ ስለ ነሐስ ሳንቲም ማሰብ ያን ያህል ከቦታው የራቀ ነገር አይደለም።

ምስል ከሳንቲሙ ላይ ከጠፋ በኋላም በአንደበት ላይ ሊቆይ ይችላል። ልጆቻችን ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረው ዕጣ ሲጣጣሉ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይባባላሉ። አባባሉ የተወለደው ሳንቲም በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው ፊቱ አንበሳ በነበረበት ዘመን ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በተሠሩት ሳንቲሞች ላይ የአንበሳው ራስ ከነጎፈሩ አለ፤ ዘውዱ ግን የለም። የሮማ ልጆችም በዚሁ ጨዋታ «ራስ ወይስ መርከብ?» ይሉ እንደነበር ማክሮቢዮስ የተባለው ጸሐፊ በአምስተኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጽፏል። የጥንቱ የሮማ ነሐስ በአንድ ወገን ያኑስ የተባለው ባለ ሁለት ፊት አምላክ፣ በሌላው ወገን የመርከብ አፍንጫ ነበረበት። በማክሮቢዮስ ዘመን መርከቡ ከሳንቲሙ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ልጆቹ ግን አልተዉትም።

እንግዲህ ሳንቲም መገበያያ ብቻ አይደለም፤ የሚነበብም ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአገራችን ጥንታዊ ሳንቲሞች፣ በተለይም በአክሱም ነሐሶች ላይ ያለውን ምስልና ጽሑፍ እንደ ሥነጽሑፍ ማየት ነው። ጽሑፉ የሚነሣበት ጥያቄም «የአክሱም ነሐስ የሚናገረው ለማን ነው?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የጥንቱ ዘመን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ከወዲሁ ማመልከት ተገቢ ይሆናል። «ነሐስ» ሲባልም መዳብ የሚበዛበትን የማዕድን ድብልቅ በአጠቃላይ ለማለት ነው።

2. ነሐስ በሮማ

በሮማ መንግሥት ወርቁና ብሩ ለጦር ሠራዊት ደመወዝ፣ ለታላላቅ ግብይቶችና ለሩቅ ንግድ ያገለግል ነበር። ዳቦ የሚገዛበት፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት መግቢያ የሚከፈልበት ግን ነሐሱ ነው። ከአውግስጦስ ቄሣር ጀምሮ በአብዛኞቹ የሮማ ነሐሶች ላይ «ኤስ» እና «ሲ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ታትመው ይገኛሉ፤ «በሸንጎው ውሳኔ» ማለት ነው። በወርቁና በብሩ ላይ ይህ ምልክት የተለመደ አይደለም። የምልክቱ ትርጉም በሊቃውንት ዘንድ ቢያከራክርም ነሐሱ ከሮማ ሸንጎ ስም ጋር ተያይዞ ወደ ሕዝብ እጅ እንደገባ ያሳያል።

ምስሎቹም ለዚሁ ተደራሲ የተመረጡ ይመስላሉ። በኔሮን ነሐሶች ላይ በሩ የተዘጋ የያኑስ መቅደስ ይታያል፤ በሩ የሚዘጋው አገር ሰላም ሲሆን ብቻ ስለነበረ ምስሉ «ጦርነት የለም» የሚል ዜና ነው። በሌላው የኔሮን ነሐስ ላይ መርከቦች የሞሉበት የኦስትያ ወደብ አለ፤ እህል የሚገባው በዚያ በኩል ነውና «ረኃብ የለም» ማለት ነው። ቬስፓስያኖስ በይሁዳ ላይ ያገኘውን ድል ለማስታወስ ባሠራው ሳንቲም ላይ ደግሞ ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት ትታያለች። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን እነዚህ ምስሎች ማንበብ ለማይችለው ሰው ሳይቀር ወሬ ያደርሱ ነበር። ወሬው የቤተ መንግሥቱ ወሬ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ስለ ተራበው ወይም ስለ ተሸነፈው ሠራዊት የሚናገር ሳንቲም አልታተመም።

3. የአክሱም ሳንቲም አጀማመር

በአክሱም ሳንቲም ማሠራት የጀመረው በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ የነገሠው እንዱቢስ ነው። በዚያን ጊዜ የራሱን ወርቅ የሚያትም መንግሥት በዓለም ላይ ጥቂት ነበር። የእንዱቢስ ሳንቲሞች ወርቅና ብር ሲሆኑ ክብደታቸው የሮማን ሥርዓት የተከተለ፣ ጽሑፋቸውም የግሪክ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አክሱም በአዱሊስ ወደብ በኩል ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራንያን ነጋዴዎች ጋር ትነግድ ስለነበረ ወርቋ በውጭ ገበያ ሊነበብና ሊታመን ይገባው ነበር።

ነሐስን የጨመረው ከእንዱቢስ ቀጥሎ የመጣው አፊላስ ነው። ይህ እርምጃ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። ወርቅ ለባሕር ማዶ ነጋዴ ይበቃል፤ አንድ ቁና እህል ለሚገዛ ገበሬ ግን አይመችም። ነሐስ መሥራት ማለት መንግሥቱ ለአገር ውስጥ ገበያ፣ ለትንሹ ግዢና ለትንሹ ሰው አሰበ ማለት ነው። ሳንቲሞቹ ብዙውን ጊዜ ስፋታቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ይሸፈናሉ።

አሠራሩ በመሠረቱ እንደ ሮማውያኑ ነው። ምስሉና ፊደሉ ተገልብጦ በሁለት ጠንካራ ማተሚያዎች ላይ ይቀረጻል፤ ዝርግ የማዕድን ቁራጭ በመካከላቸው ይቀመጥና በመዶሻ ይመታል። ቀራጩ ፊደሉን ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን በመስተዋት እንደሚታይ አድርጎ መጻፍ ነበረበት። ቦታው ጠባብ በመሆኑም እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የገባ ነው። ጸሐፊው የፈለገውን ሁሉ ማለት ስለማይችል ያለው ነገር ሁሉ ክብደት ይኖረዋል። በዚህ ረገድ የሳንቲም ጽሑፍ ከቅኔ ጠባይ ጋር ዝምድና አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

4. ምስሎቹ

የአክሱም ሳንቲም ዋናው ምስል ከደረት በላይ የሚታየው ንጉሥ ነው። ከአፊላስ ወዲህ ባለው ወርቅ ላይ ንጉሡ በአንድ ወገን ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ወገን ራሱን በሻሽ አስሮ ይታያል። በቀደሙት ነሐሶች ላይ የሚበዛው ግን ባለ ሻሹ ምስል ነው። የንጉሡ ሁለት ገጽታ የንጉሠ ነገሥቱን ግርማና የአገሬውን ሰው ልማድ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የሮማ ቄሣር በሳንቲሙ ላይ የሎረል ቅጠል አክሊል አድርጎ ሲታይ የአክሱሙ ንጉሥ አገሬው በሚያውቀው ሻሽ መታየቱ፣ የሳንቲሙ ሥርዓት ከውጭ ቢመጣም ምስሉ በቀጥታ እንዳልተቀዳ ያስረዳል።

ሁለተኛው ምስል የእህል ዘለላ ነው። በወርቁ ላይ ሁለት ዘለላዎች ንጉሡን ግራና ቀኝ ያቅፉታል። ስንዴ ነው ገብስ ነው የሚለው ያከራክራል። በኋለኞቹ አንዳንድ ነሐሶች ላይም ዘለላው ከንጉሡ ፊት ወይም ከመስቀል አጠገብ ይገኛል። በሮማ ነሐስ ላይ የእህል ዘለላ ሲታይ ብዙውን ጊዜ የእህል አምላካቸው ወይም በመርከብ የሚመጣው ቀለብ ምልክት ነው። በአክሱም ግን ዘለላው ከንጉሡ አካል ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚያቅፈው እሱን ነው። ንጉሥና አዝመራ በአንድ ክበብ ውስጥ መሆናቸው የንግሥናው ትርጉም ከእርሻው ጋር የተቆራኘ ነበር ብለን እንድናስብ ይገፋፋል።

ሦስተኛው ምስል በጫፉ ላይ ያለው የእምነት ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ይታያሉ። ኢዛና በአራተኛው ምዕተ ዓመት ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃው ወርዶ መስቀል ተተካ። መስቀልን በሳንቲማቸው ላይ ካዋሉት የዓለም መንግሥታት መካከል አክሱም ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። የኢዛና የድንጋይ ጽሑፎችም ይህንኑ ሽግግር ይመሰክራሉ፤ በቀደሙት ላይ የማኅረም ልጅ ነኝ የሚለው ንጉሥ በኋለኛው ላይ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። ድንጋዩ ግን የቆመው በአንድ ቦታ ነው። የሃይማኖቱን ለውጥ ከገበያ ወደ ገበያ ይዞ የዞረው ሳንቲሙ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ልዩ ጥበብ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። አክሱማውያን በብርና በነሐስ ሳንቲሞች ላይ በተመረጠ ቦታ ወርቅ ይቀቡ ነበር። በኡዜባስ ነሐስ ላይ ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለው ክብ በወርቅ የተለበጠ ነው፤ በኋለኞቹም ላይ ወርቁ መስቀሉን ያደምቃል። በእጅ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ነው፤ በርካሹ ሳንቲም ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን አከራክሯል። የሳንቲሙን ዋጋ ከፍ ለማድረግ ነው የሚሉ አሉ፤ ንጉሡን ወይም መስቀሉን ለማክበር ነው የሚሉም አሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ወርቅ ጨብጦ የማያውቅ ሰው በነሐሱ ላይ የወርቅ ብልጭታ ያይ እንደነበር የተረጋገጠ ነው።

5. ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ተደራሲ

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ሳንቲሞቹ በማን ቋንቋ ተናገሩ? ከኢዛና በፊት ወይም በዚያው ዘመን አካባቢ የነገሠው ዋዜባ ሳንቲሙን በግዕዝ አሠራ። ከእሱ በኋላ ግን ግሪክኛው ተመለሰ። ከአምስተኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ጀምሮ ደግሞ የሥራ ክፍፍል ይታያል፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ወርቁ በግሪክኛ ሲቀጥል ብሩና ነሐሱ ወደ ግዕዝ ዞሩ። የአክሱምን ሳንቲሞች በሰፊው ያጠናው ስቱዋርት መንሮ ሄይ እንዳመለከተው ወርቁ ለውጭ ንግድ፣ ነሐሱ ለአገር ውስጥ ገበያ መሆኑ ለዚህ ዋናው ማብራሪያ ነው። በመጨረሻዎቹ ዘመናት በወርቁ ላይ ያለው ግሪክኛ እየተበላሸ ሄዷል፤ ቀራጮቹ የማያውቁትን ፊደል በልማድ ይገለብጡ እንደነበር ግልጽ ነው። ግዕዙ ግን በቤቱ ነበርና ሕያው ሆኖ ቆየ።

የቋንቋው ለውጥ ከመምጣቱ በፊት እንኳ ነሐሱ የራሱ አነጋገር ነበረው። ከአራተኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በኋላ በብዛት የታተመ አንድ ነሐስ አለ። በአንድ ወገን የንጉሥ ምስልና «ባሲሌውስ» የሚል የግሪክ ቃል አለ፤ «ንጉሥ» ማለት ነው። ስም የለውም። በሌላው ወገን መስቀልና «ቱቶ አሬሴ ቴ ኮራ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» እንደ ማለት ነው። ይህን አባባል ልብ ብሎ ላየው እንግዳ ነገር ነው። የሮማ ሳንቲም የቄሣሩን ማዕረግ ከዳር እስከ ዳር ይደረድራል፤ ድሉን፣ አባቱን፣ ሹመቱን ይቆጥራል። በዚህ ነሐስ ላይ ግን የንጉሡ ስም ተትቶ ለአገር የሚመኝ ቃል ገብቷል። ንጉሥ ሕዝቡን «ተገዛልኝ» ሳይሆን «ደስ ይበልህ» ሲል እናያለን። ምኞቱ በእውን ይፈጸም እንደነበር ሳንቲሙ ሊነግረን አይችልም። ነገር ግን ገዢው ለተገዢው በምን ቃል መናገር እንዳለበት የነበረውን አስተሳሰብ ይነግረናል።

ይህ ልማድ በግዕዙም ቀጥሏል። በስድስተኛውና በሰባተኛው ምዕተ ዓመት በነበሩት ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ ደስታን፣ ሰላምንና ምሕረትን ለሕዝብ የሚመኙ ቃላት ይገኛሉ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የሆነው አርማሕ ወርቅ አላሠራም። በነሐሱ ላይ በዙፋን ተቀምጦ ሙሉ አካሉ ይታያል፤ ጽሑፉም ለአሕዛብ ደስታን ይመኛል። «ሀገር» እና «አሕዛብ» የሚሉት ቃላት በነሐሱ ላይ ደጋግመው መምጣታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። በነሐሱ ላይ አገርና ሕዝብ ተደራሲ ብቻ ሳይሆኑ የጽሑፉ ርእሰ ጉዳይም ሆነዋል።

የትርጉምን ጥበብ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። አውሳብዮስ እንደጻፈው ቆስጠንጢኖስ በሰማይ ላይ ካየው የመስቀል ምልክት ጋር የተነበበው ቃል «በዚህ ድል ንሣ» የሚል ነበር። በ350 ዓ.ም. ቬትራንዮ የተባለው ቄሣር ሲስኪያ በምትባለው ከተማ ባሳተመው ነሐስ ላይ ቃሉ በላቲን «በዚህ ምልክት ድል ነሺ ትሆናለህ» የሚል መልክ ይዞ ወጣ። ምስሉ ዓርማ የያዘ ቄሣር ነው፤ የድል አምላካቸውም አክሊል ትደፋለታለች። ይኸው ሳንቲም በዳግማዊ ቆስጣንዲዮስ ስምም ታትሟል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ፍሬምናጦስ ለኢዛናና ለሳዛና ደብዳቤ የላከውም እሱ ነው።

በአምስተኛው ምዕተ ዓመት መሐድየስ የተባለው የአክሱም ንጉሥ ይህንኑ አባባል በግዕዝ በነሐሱ ላይ አሳተመ። ፊደሉ አናባቢ ምልክት የሌለው ስለሆነ «በዘመሰቀለ» ተብሎ የተጻፈውን አንባቢው «በዝ መስቀል» ብሎ ማንበብ ነበረበት፤ ቃሉ በዚህ መስቀል ድል ስለመንሣት ይናገራል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ግሪክኛው «በዚህ» ብቻ ይላል፤ ላቲኑ «በዚህ ምልክት» ይላል፤ ግዕዙ ግን ምልክቱን በስሙ ጠርቶ «መስቀል» ይላል። በምስሉም በኩል ቄሣሩና አክሊል የምትደፋለት አምላክ የሉም፤ በጀርባው የሚታየው መስቀሉ ራሱ ነው። የአክሱሙ ጸሐፊ አባባሉን እንዳለ አልገለበጠም። ለአንባቢው ግልጽ በሆነ ቃል፣ ከምስሉ ጋር አስማምቶ ተረጎመው። የግዕዝን የትርጉም ሥነጽሑፍ ስናስተምር ከመጻሕፍት ትርጉም ጎን ይህን ትንሽ ነሐስ ብንጠቅስ ስሕተት አይሆንም።

6. የሚጠፋው ጽሑፍ

የአክሱም ሳንቲሞች ለታሪክ ያላቸው ዋጋ በብዙዎች ተጽፏል። ከሳንቲማቸው በስተቀር ሌላ ምስክር የሌላቸው ነገሥታት ብዙ ናቸው፤ በነገሥታት ዝርዝሮች ላይ ያሉት ስሞችም ከሳንቲሞቹ ስሞች ጋር በአብዛኛው አይገጣጠሙም። ነሐሶቹ ተጉዘዋልም፤ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ የተገኙ አሉ። ምናልባትም በተሳላሚዎች እጅ የሄዱ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ነገር የምናውቀው ግን ሳንቲሙ የት እንደተገኘ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ሲመዘገብ ነው። አብዛኛው ነሐስ ግን በክረምት ዝናብ ታጥቦ ከእርሻ ላይ ይለቀማል፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፤ የመጣበት ቦታም ይረሳል።

በዚህ ጥፋት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም እጁ አለበት። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ አክሱምን ለማየት ሄጄ አንድ እረኛ ልጅ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ትንሽ ነሐስ አሳየኝ። ሕጉን አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልሞከርሁም። በጥቂት ብር ገዛሁት። ማደሪያዬ ስደርስ እናቴ የነሐስ ዕቃ በምታጸዳበት መንገድ በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። ከዝገቱ ሥር የክብ ጠርዝና የፊደል እግሮች ብቅ ሲሉ ደስ አለኝ። ግልጽ እንዲሆንልኝ ብዬ ደግሜ ፈተግሁት። በመጨረሻ እጄ ላይ የቀረው የሚያብረቀርቅ፣ ልሙጥ የመዳብ ቁራጭ ነው። ፊደሉ የነበረው በዝገቱ ውስጥ ኖሯል። ማን ንጉሥ ነበር? ለአገሩ ምን ተመኘ? የመጨረሻው አንባቢ እኔ ነበርሁ፤ እኔም ሳላነብ ደመሰስሁት። ቁራጩን ኋላ ለሚመለከተው ክፍል አስረክቤያለሁ፤ የተቀበለኝ ሰው አገላብጦ አየውና «ከየት እርሻ ነው?» አለኝ። እሱንም አልጠየቅሁም ነበር።

ይህን የምጽፈው ኑዛዜ ለማብዛት አይደለም። የሥነጽሑፍ መምህራን የብራና መጽሐፍ ቢቀደድ ወይም ቢሸጥ እንቆጫለን፤ ጽሑፍ መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ነሐሱን ግን ጽሑፍ ብለን አልቆጠርነውም። ሰው ደግሞ ጽሑፍ ብሎ ያልቆጠረውን ነገር በሎሚ ይፈትጋል።

7. ማጠቃለያ

የአክሱም ነሐስ ከሮማ ሥርዓት ተነሥቶ የራሱን ተደራሲና የራሱን ቋንቋ ያገኘ ሥራ ነው። የሮማ ነሐስ ለሕዝቡ በአብዛኛው የቄሣርን ዜና ሲነግር የአክሱሙ ነሐስ ለአገርና ለሕዝብ ምኞት ይናገራል፤ ከጊዜ በኋላም በሕዝቡ ቋንቋ ይናገራል። የግዕዝ ጽሑፍ ከድንጋይ ላይ ወርዶ በተራው ሰው መዳፍ የገባው፣ እኛ እስከምናውቀው ድረስ፣ በመጀመሪያ በእነዚህ ሳንቲሞች ነው። የአክሱም ሳንቲም በሰባተኛው ምዕተ ዓመት ከቆመ በኋላ፣ ከሐረር መሐለቅ በስተቀር፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ በአገራችን ሳንቲም አልታተመም። በመካከሉ አሞሌውና የማርያ ቴሬዛ ብር ሠርተዋል፤ ሁለቱም ግን በአገሩ ፊደል ለአገሩ ሰው የሚናገር ቃል አልነበረባቸውም።

በመሆኑም ሁለት ነገር ማሳሰብ ይገባል። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ሥነጽሑፍ ታሪክ ስናስተምር ከኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ጎን የሳንቲሞቹን ጽሑፍ እናስገባ፤ ተማሪው በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያነባቸው የሚችል አጫጭር ጽሑፎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ነሐስ ያገኘ ሰው እንዳይፈትገው፣ እንዳይሸጠው፣ ያገኘበትን ቦታ መዝግቦ በአቅራቢያው ለሚገኝ የቅርስ ጥበቃ ክፍል እንዲያደርስ እንንገር።

በ1969 ዓ.ም. በወጣችው የአንድ ሳንቲም ፍራንክ ላይ ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ያቺ ፍራንክ ዛሬ ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች በር ላይ ብትወድቅ የሚያነሣት አይገኝም። የአክሱሙንም ነሐስ ዘመኑ ሲያልፍ እንዲሁ ጥለውት ነበር፤ ተመልሶ የሚያነሣው አንባቢ ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ተገኘ።